ሲጋራ የሚያስቆም አዲስ ዘዴ እንዴት ይሠራል? መሥራቱስ እንዴት ይታወቃል?

ሥልጠና ይሰጣል፣ ብሮሹር ይታደላል፣ ውሃና ብስኩት ይቀርባል። በመጨረሻው ቀን መድረክ ላይ ያለው ሰው «ሲጋራ ያቆማችሁ እጃችሁን አውጡ» ይላል። እጅ ይወጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሪፖርት ይላካል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ለእነዚያ ሰዎች ስልክ የሚደውል የለም።

ይህን የጻፍሁት ያን ስልክ መደወል ለሚፈልጉ ነው፤ ለጤና መኮንን፣ የማስተርስ ጥናቱን ለሚሠራ የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ፣ ለወጣት ማኅበር፣ ለፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዤ እዘልቃለሁ፤ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ሾፌሮችንና ረዳቶችን። በምሳሌው ውስጥ የማቀርባቸው ስሌቶች ለማስረዳት ያህል የተሠሩ ናቸው። የሌሎች ጥናቶች ቁጥሮች ግን እውነተኛ ናቸው።

ስለ አገራችን ሁለት ነገር ብቻ ልበል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ አምስት ያህል ነበር፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8። ሕጉም ደካማ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በቤት ውስጥ የሕዝብ ቦታዎችና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ይከለክላል፣ ማስታወቂያን ያግዳል፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም አይፈቅድም። የጎደለን ማቆም ለፈለገው ሰው እጁን ዘርግቶ የሚይዘው አገልግሎት ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ዘዴውን ከማሰባችሁ በፊት ተራው ላይ ቁጭ በሉ

ሁለት ሙሉ ቀን መገናኛ ወይም ሳሪስ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ሲጋራው በፓኮ ሳይሆን በፍሬ ከጀብሎ ሲገዛ ታያላችሁ። ጠዋት ግፊያ ባለበት ሰዓት ማንም አያጨስም፤ ምሳ አልፎ ተራው ሲረዝም እጅ ወደ ኪስ መግባት ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ጫት ይመጣል፤ ከምርቃናው ጋር ሲጋራው ይከታተላል፤ ማታ ደግሞ ጨብሲው የራሱን ያስጨምራል። ብዙ የውጭ መጠይቆች ይህን ቅርጽ አያውቁትም።

ለምሳሌ የሱስን ጥንካሬ ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት አጭር መለኪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ከእንቅልፍ በነቃህ በስንት ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያዋን ታጨሳለህ፣ በቀን ስንት ታጨሳለህ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በርጫ ቁጭ ሲል ብቻ አሥር ፍሬ የሚያከታትል ሾፌር በዚህ መለኪያ ዜሮ ያመጣል። ዜሮ ስላመጣ ግን በቀላሉ ያቆማል ማለት አይደለም። መለኪያውን አትጣሉት፤ «ስትቅም ስንት? ሳትቅም በዋልክበት ቀን ስንት?» የሚል ጥያቄ ጨምሩበት።

ከዚያ ከ15 እስከ 20 ሰው አነጋግሩ። «ለምን ታጨሳለህ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት መልስ «ሱስ ነው» ብቻ ነው። «የመጨረሻዋን ሲጋራ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን እየሠራህ አጨስካት?» በሉ። ከምታነጋግሯቸው መካከል አቁመው የቀሩ፣ አቁመው የተመለሱና ሞክረው የማያውቁ ይኑሩበት። የተመለሰው ሰው ከሁሉም በላይ ያስተምራል፤ የትኛው ድንጋይ እንዳደናቀፈው ያውቃልና።

የሰበሰባችሁትን በሦስት ከረጢት ክፈሉት፦ ማቆም የሚያስችል እውቀትና ችሎታ አለው ወይ? አካባቢው ይፈቅድለታል ወይ? ይፈልጋል ወይ? ይህ አከፋፈል በ2011 እ.ኤ.አ. ሱዛን ሚቺና ባልደረቦቿ ካቀረቡት የባህርይ ለውጥ ሞዴል የመጣ ነው። የእኛ ፕሮጀክቶች ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው ከረጢት ሮጠው «ሲጋራ ጎጂ ነው» ይላሉ። ሾፌሩ ጎጂ መሆኑን ያውቃል፤ ፓኮው ላይ ሥዕሉ አለ።

2ኛ ደረጃ፦ ከመፍጠራችሁ በፊት ተበደሩ

አዲስ ዘዴ ማለት ሁሉም ነገሩ አዲስ የሆነ ማለት አይደለም። የሠራ ነገር ወስዶ ለራስ ሰው ማስማማት ሥራውን በግማሽ ያቀላል። ለእኛ የሚጠቅሙ የሚመስሉኝ እነዚህ ናቸው።

በ1979 እ.ኤ.አ. በለንደን ማይክል ረስልና ባልደረቦቹ 28 ሐኪሞችን ይዘው ከ2,000 በላይ አጫሾችን ተከታተሉ። ሐኪሙ በአንድ ሁለት ደቂቃ እንዲያቆሙ የመከራቸው፣ በራሪ ወረቀት የተሰጣቸውና እንደሚጠየቁ የተነገራቸው ከመቶ 5.1ዱ ዓመቱን አቁመው ዘለቁ፤ ምንም ካልተደረገላቸው 0.3 ብቻ። «አምስት ሰው ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ብሪታኒያ ውስጥ በ5,800 ሰዎች ላይ የተሠራውና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው የስልክ መልእክት ጥናት ደግሞ በስድስት ወሩ ከመቶ 10.7 አስቁሟል፤ ስለ ማቆም የማይናገር መልእክት ሲደርሳቸው ከነበሩት 4.9 ብቻ ነው ያቆሙት። በዚያው ዓመት የታተመው፣ ዋርሶ ውስጥ የተሠራው የሳይቲሲን ጥናት ክኒኑን ከወሰዱት ከመቶ 8.4ቱን ዓመት አስቁሟል፤ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ከወሰዱት ግን 2.4ቱን ብቻ። ሳይቲሲን ከተክል የሚገኝ፣ በምሥራቅ አውሮፓ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ፣ ለ25 ቀን የሚዋጥ ክኒን ነው። መድኃኒት በዘዴያችሁ ውስጥ ለማስገባት ካሰባችሁ ሐኪምና ፋርማሲስት አማክሩ፤ መድኃኒቱ በእርግጥ ገበያ ላይ መኖሩንም አረጋግጡ። የሌለ ክኒን ላይ የተሠራ መመሪያ መደርደሪያ ያሞቃል።

እኔን ከሁሉ የሳበኝ የፊሊፒንስ ሥራ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ ማቆም የሚፈልግ አጫሽ ወለድ የሌለው ሂሳብ ተከፍቶለት ለስድስት ወር ገንዘብ ያስቀምጣል። በስድስተኛው ወር የሽንት ምርመራውን ካለፈ ብሩን ይወስዳል፤ ከወደቀ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ዕድሉ ከቀረበላቸው የተቀበሉት ከመቶ 11 ብቻ ቢሆኑም፣ ከዓመት በኋላ ድንገተኛ ምርመራ ሲደረግ ዕድሉ የቀረበለት ቡድን በጠቅላላው በ3 ከመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ፤ ዕቁብ ላይ ዳኛ አለ፣ ገንዘቡም ዞሮ ዞሮ ለባለቤቱ ይደርሳል። እዚህ የወደቀው ሰው ብር ለሌላ ይሄዳል። ማን ይይዘዋል? ማን ይፈርዳል? የወደቀው ሰው ሚስት መጥታ «የልጆቼን ብር» ብትልስ? መልሱን በጽሑፍ ሳታሰፍሩ አትጀምሩት።

3ኛ ደረጃ፦ መጀመሪያ ሰንሰለቱን፣ ከዚያ መልእክቱን ጻፉ

ምሳሌያችን እንዲህ ይሁን፦ የማቆሚያ ቀን ማስቆረጥ፣ አጭር ምክር፣ ለ8 ሳምንት የስልክ መልእክት። በአንድ ገጽ ላይ የትኛው ነገር ወደ የትኛው እንደሚያመራ ጻፉ። «ከሰዓት ተራ ሲጠብቅ ያምረዋል → ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልእክት ይደርሰዋል → አምስት ደቂቃ ይታገሣል → ሲጋራዋ ትቀራለች።» በኋላ ዘዴው ካልሠራ ሰንሰለቱ የት ላይ እንደተበጠሰ የምታውቁት በዚህ ወረቀት ነው።

አሁን መልእክቱ። በፊደላችን የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ነው፤ በላቲን ግን 160። ከ70 ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ያድጋል። በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ ይረክሳል፤ ግን ረዳቱ በቀላሉ ያነበዋል ወይ? ጠይቃችሁ ወስኑ። እኔ ለፊደሉ አደላለሁ፤ ማጠር ራሱ ይጠቅማል። ለምሳሌ፦

«ተራህ ሳይደርስ እጅህ ኪስህን ከፈተሸ ውሃ ጠጣ። 5 ደቂቃ ታገስ፤ ያልፋል።»

ይህ ከ50 ሆሄ በታች ነው። አንድ ችግር ግን አለበት፦ «አንተ» ይላል። የ55 ዓመት ሾፌር ከማያውቀው ስልክ «ጠጣ» ሲባል ምክሩን ሳይሆን ድፍረቱን ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ እያንዳንዱ መልእክት በሦስት ይዘጋጅ፤ ለአንተ፣ ለአንቺና ለእርስዎ። ሲመዘገቡም «እንዴት ብለን እንጥራዎት?» ብላችሁ ምርጫቸውን ያዙ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የመልእክት ስብስብ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሰናከለው።

ጫቱንስ? አብረው ያቁሙት ማለት ይቻላል፤ ብዙው ሰው ግን እዚያው በሩ ላይ ይመለሳል። «ቃም፣ ግን አታጭስ» ማለት ደግሞ ጫት የፈቀዳችሁ ያስመስላል። የእኔ አስተያየት፦ ስለ ጫቱ ፍርድ ሳትሰጡ ለበርጫ ሰዓት ብቻ የተለየ ዕቅድ አስወጡት። ከማያጨስ ጋር መቀመጥ፣ ጀብሎው እንዳይጠራ ለጓደኞች አስቀድሞ መንገር፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከበርጫው መቅረት። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚመለሰው።

መልእክቶቹን ለአምስት ስድስት ሾፌሮች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። የሳቁበትን ቀይሩ፤ ዝም ያሉበትንም ቀይሩ።

4ኛ ደረጃ፦ ትንሽ ሙከራ

ከ30 እስከ 40 ሰው፣ አንድ ሁለት ወር። ከዚህ ሙከራ የምትፈልጉት ስንት ሰው እንዳቆመ አይደለም። ከተጠየቁት ስንቱ ተመዘገበ? ከአራት ሳምንት በኋላ ስንቱ ስልኩን አነሣ? ሲም የሚቀያይር ስንት ነው? ማጨሱን ለማረጋገጥ ትንፋሽ የሚለካው መሣሪያ ውስጥ (በ5ኛው ደረጃ እመለስበታለሁ) ለመተንፈስ ያፈረ አለ? «ከአሥሩ ሰባቱን ካላገኘን ዋናውን ጥናት አንጀምርም» የሚል መስመር አስቀድማችሁ አስምሩ። መስመሩ ከውጤቱ በኋላ ከተሰመረ ሁሌም ውጤቱ ካለበት በታች ነው የሚሰመረው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ተጨማሪ ስልክ ያዙ፤ የቤተሰብና የተራ ጓደኛ።

5ኛ ደረጃ፦ «አቆመ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ጥናት የሚሞተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

በመጀመሪያ፣ «ቀነሰ»ን ዋና ውጤት አታድርጉ። ከ20 ወደ 5 የወረደ ሰው አምስቷን ጠልቆ እየሳበ ኒኮቲኑን ሊያካክስ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የብዙ ጥናቶች ስብስብ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ብቻ ማጨስ በቀን 20 ማጨስ ከሚያመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይዞ ይመጣል። ቀነሰን መዝግቡት፤ ርእስ ግን አታድርጉት።

ሁለተኛ፣ መስፈርቱን ከአገር አገር ከሚታወቀው ጋር አስተካክሉ። ሮበርት ዌስትና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት «የረስል መስፈርት» በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ከማቆሚያው ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ወይም ዓመት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአምስት ሲጋራ ያልበለጠ፤ ቃሉ በምርመራ የተረጋገጠ፤ የጠፋው ሰው ሁሉ እንደሚያጨስ የሚቆጠር። የመጨረሻው ያንገበግባል። ግን አስቡት፤ 100 ሰው ጀምሮ 30ው ብቻ ስልክ ቢያነሣና 15ቱ «አቁመናል» ቢሉ፣ ሪፖርቱ ላይ «50 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል። እውነቱ ግን ቢበዛ 15 በመቶ ነው። ያቆመ ሰው ስልክ ማንሣት ደስ ይለዋል፤ የተመለሰው ቁጥሩን አይቶ ይዘጋል።

ሦስተኛ፣ ምርመራው። ርካሹ በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ የእጅ መሣሪያ ነው፤ ከ10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 10) በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ እንደማያጨስ ይወሰዳል፤ አሁን አሁን ዝቅ ያለ ወሰን የሚመክሩም አሉ። እኛ ጋ ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛው ጭሳችን ሲጋራ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጭስ ውስጥ ይውላል፤ ቤቱ በከሰል ቡና ይፈላል፤ ሺሻ የሳበ ከሆነማ ቁጥሩ ይሰቀላል። መፍትሔው በዚያው ተራ ላይ ጭራሽ የማያጨሱ ሃያ ሠላሳ ሾፌሮችን አስቀድሞ ለክቶ የሠፈሩን መነሻ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ይህ ጋዝ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ ትናንት ማታ በርጫ ላይ ያጨሰ ሰው ዛሬ ረፋድ ላይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ የቃሚዎችን ትንፋሽ አመሻሽ ላይ ለኩ።

ገንዘብ ካለ በምራቅ ወይም በሽንት ውስጥ ኮቲኒንን መለካት ይሻላል፤ ከሰል አያሳስተውም፣ ለጥቂት ቀናትም ይቆያል። ነገር ግን ኮቲኒን ከኒኮቲን የሚመጣ ስለሆነ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር የሚጠቀም ሰው ላይ አይፈርድም።

ሌላው ቀን መቁጠሪያው ነው። የመነሻ መረጃችሁን በረመዳን ወይም በሁዳዴ ከሰበሰባችሁ የተለመደ ሕይወታቸውን አልለካችሁም። ጾሙ ሲፈታ ሲጋራው ይመለሳል፤ መመለሱ የዘዴው ድክመት ይመስላል፤ ወይም ማቆሚያው ቀን ከጾም መግቢያ ጋር ገጥሞ የጾሙን ሥራ ዘዴው ይወስደዋል። «ካለፉት 180 ቀናት» ከማለትም «ከፋሲካ ወዲህ»፣ «ከአረፋ ወዲህ» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ያስታውሳል።

6ኛ ደረጃ፦ ከማን ጋር ታወዳድራላችሁ?

ያለ ምንም ዘዴ በራሳቸው ከሚሞክሩት ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑት ከስድስት ወር እስከ ዓመት ድረስ አቁመው ይቆያሉ። ማወዳደሪያ ቡድን ከሌላችሁ እነዚህን ሰዎች ለራሳችሁ ትመዘግባላችሁ። ስለዚህ ዕጣ ይጣል፦ ግማሹ ምክርና መልእክት፣ ግማሹ ምክር ብቻ። ሁለተኛው ቡድን ባዶ እጁን አልቀረም፤ መልእክቱም ጥናቱ ሲያልቅ ይሰጠዋል። ዕጣውን መዝጋቢው እንዳያውቀው በታሸገ ፖስታ ወይም ሌላ ሰው በያዘው ዝርዝር ይሁን። ሰው ሆዱ ይራራል፤ «ይሄ ልጅ የምሩን ነው» ብሎ ወደ መልእክቱ ያዞረዋል።

የሰው ብዛት? ማወዳደሪያው 5፣ ዘዴው 10 ከመቶ ያስቆማል ብላችሁ ከገመታችሁ፣ በተለመደው የስታቲስቲክስ ልክ በእያንዳንዱ ቡድን 430 ያህል ሰው ያስፈልጋል። 3ን ከ6 ለመለየት ከሆነ 745 ያህል። በየሰዉ ፈንታ በየታክሲ ተራው ዕጣ ብትጥሉ፣ ማለትም መገናኛ ለዘዴው፣ ሳሪስ ለማወዳደሪያ፣ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ ይቀንሳል፤ ግን የአንድ ተራ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩ ይጨምራል። በየተራው 20 ሰው ቢኖርና መመሳሰሉ (ከ0 እስከ 1 በሚለካ ቁጥር) 0.02 ቢሆን 430ው ወደ 595 ያድጋል፤ ያ በየቡድኑ 30 ተራ ማለት ነው። ሁለት ተራ ብቻ ይዞ ማወዳደር የሁለት ሠፈር ወሬ ነው።

ይህን ያህል አቅም የሌለው ተማሪ ምን ያድርግ? 4ኛውን ደረጃ በጥንቃቄ ይሥራና «የአዋጭነት ጥናት ነው» ይበል። አያፍርበት።

7ኛ ደረጃ፦ ፈቃድና ገንዘብ

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ከመጀመሪያው ሰው ምዝገባ በፊት ይያዝ፤ ጥናቱ በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ ይመዝገብ፤ ዋናው ውጤት ምን እንደሆነ እዚያ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። የተራ አስከባሪውን መዝጋቢ አታድርጉት፤ ሾፌሩ እምቢ ማለት አይችልማ። ሴቶች ካሉ መልእክቱ ላይ «ሲጋራ» የሚለው ቃል ራሱ ሊያጋልጣቸው እንደሚችል አስቡ።

ከትምባሆ ኩባንያ ብር አትቀበሉ። ኢትዮጵያ በ2014 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አንቀጽ 5.3 መንግሥታት የጤና ፖሊሲያቸውን ከኢንዱስትሪው ጥቅም እንዲጠብቁ ያዛል። የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት አብዛኛው ድርሻም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጃፓን ቶባኮ ቡድን ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ውጤቱን ማንበብ

ስድስተኛው ወር ደረሰ እንበል። ዘዴው ካገኘው 430 ሰው 39ኙ፣ ከማወዳደሪያው 430 ሰው 22ቱ በምርመራ ተረጋገጠላቸው። 9.1 ለ5.1፤ ልዩነቱ 4 ከመቶ። ከልዩነቱ ጋር የእርግጠኝነት ወሰኑን፣ ማለትም እውነተኛው ልዩነት ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል፣ አብራችሁ ጻፉ፤ እዚህ ከ0.5 እስከ 7.4 ይደርሳል። ማለትም ዘዴው ሠርቷል፤ ምን ያህል እንደሠራ ግን ገና ሰፊ ነው። ለአንድ ሰው 300 ብር ከወጣ፣ ጠቅላላው 129,000 ለ17 ተጨማሪ ሰው ሲካፈል አንዱን ማስቆም 7,600 ብር ገደማ ፈጅቷል። ባለ በጀቱ የሚጠይቃችሁ ይህን ቁጥር ነው።

ልዩነት ባይገኝስ? ወደ 3ኛው ደረጃ ወረቀት ተመለሱ። መልእክቱ ደርሷል? ተነቧል? በሰዓቱ ነበር? ያልደረሰ መልእክት ያልሠራ መልእክት አይደለም፤ ሁለቱን ለዩና ውጤቱን እንዳለ አትሙት፤ ሌላው ሰው ያንኑ ገንዘብ ደግሞ እንዳያወጣ።

ውጤቱን መጀመሪያ የምትነግሩት ግን ለተራው ነው። ሻይ አዝዛችሁ ከሾፌሮቹ ጋር ተቀመጡ፤ ስም ሳትጠሩ ቁጥሩን ንገሯቸው። ሌላው ሲበተን፣ ካላቆሙት አንዱን ለብቻው ያቺኑ የመጀመሪያ ቀን ጥያቄ ጠይቁት፦ የመጨረሻዋን ሲጋራ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን እየሠራህ አጨስካት?